ድምፅ የሌለው ሙዚቀኛ

ከዚራ ያለውን አሮጌውን ባቡር ጣቢያ የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ባቡሩ ለብዙ ዘመን ሌሊት አይጓዝም ነበር፤ ከጅቡቲ የተሳፈረ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነበር ዋና ከተማው የሚደርሰው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ወደ መሀል አገር የገባ ብዙ ነገር መጀመሪያ ያረፈው በእኛ ከተማ ነው። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ቆርቆሮውና ስለ መኪናው አያቶቻችን ብዙ ነግረውናል። ስለ ሙዚቃው ግን ብዙም አልተወራም።

በ1916 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወቱ አርባ አርመናውያን ወጣቶች ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ። አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን ነው። ወደዚያ የሚወስድ ሌላ ሐዲድ አልነበረምና በዚሁ ጣቢያ አልፈዋል። እነዚህ ወጣቶች አባትና እናት አልነበሯቸውም። እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ የደረሰው እልቂት ወላጆቻቸውን ጨርሶባቸው፣ የተረፉት ከአገር አገር ተንከራትተው በመጨረሻ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመኖች ገዳም ተጠልለው ነበር። በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ይጓዙ የነበሩት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የልጆቹን ባንድ ሰሙ። ታሪካቸውንም ሰሙ። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው ወጣቶቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ስማቸው እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይኸው ነው።

የትንፋሽ መሣሪያ ከዚያ በፊትም አገራችን ገብቶ ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የባንድ መሣሪያዎች ልከዋል። ነገር ግን በመንግሥት ስም የሚጫወት፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ የሠለጠነ ባንድ ያገኘነው ከአርባ ልጆች ጋር ነው። አርባዎቹን ሰብስቦ የሚመራ ሰው ደግሞ ያስፈልግ ነበርና ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባሉ አርመናዊ ተቀጠሩ።

ኬቮርክ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1887 አይንታብ በምትባል ከተማ ነው፤ ዛሬ በቱርክ ጋዚያንቴፕ ተብላ የምትጠራው ናት። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ከተሰጧቸው ሥራዎች ትልቁ ለአገሪቱ መዝሙር የሚሆን ዜማ መድረስ ነበር። ዜማውን እሳቸው ደረሱ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉ። የተፈሪ ማርሽ ተባለ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ፣ ከብዙ አገር በመጡ እንግዶች ፊት ተሰማ፤ ከዚያም እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ በየትምህርት ቤቱና በየሰልፉ ሲዘመር ኖረ። አገር ያጣ ሰው ለሌላ ሕዝብ የአገር መዝሙር ሠራ ማለት ነው። ወላጆቻችን ባንዲራ ሲሰቀል ቆመው የዘመሩትን ዜማ የደረሰው ማን እንደሆነ ዛሬ ብንጠይቃቸው ስንቶቹ እንደሚመልሱ እንጃ።

ለነገሩ የመሪ ስም መረሳት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። መዝሙረ ዳዊትን ስታነቡ በ55 መዝሙሮች አርእስት ላይ የመዘምራን አለቃ የሚባል ሰው ይጠቀሳል። ስንቶቻችን አርእስቱን ዘልለን ወደ ቁጥር አንድ እንሄዳለን! ስሙም በአብዛኛው አልተጻፈም። አንዱን በስም የምናገኘው በ1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 15 ነው። ዳዊት ታቦቱን ሲያመጣ ሌዋዊው ክናንያ በዜማው ላይ ተሹሞ ነበር፤ የተሾመበትም ምክንያት ዐዋቂ በመሆኑ እንደሆነ ተጽፏል፤ ሥራው ደግሞ ማስተማር ነበር። ልብ በሉ፣ ድምፁ ያምር እንደሆነ አንድም ቃል አልተነገረም።

የኦርኬስትራ መሪ ወይም ኮንዳክተር የምንለው ሰው ከሙዚቀኞች ሁሉ መካከል ድምፅ የማያወጣው እሱ ብቻ ነው። ቫዮሊኑ ይሰማል፣ ትራምፔቱ ይሰማል፣ ከበሮው ይሰማል፤ የመሪው እጅ አይሰማም። ድሮ ግን ይሰማ ነበር። በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ዣን ባቲስት ሉሊ የሚባለው የሙዚቃ አለቃ ምቱን የሚጠብቀው በረጅም ዘንግ ወለሉን እየመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1687 ንጉሡ ከሕመሙ ስለዳነ የምስጋና መዝሙር ሲያስመራ በዘንጉ የገዛ እግሩን መታ። ቁስሉ መርቅዞ ገደለው። ይህን ታሪክ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ወዲያው ቅዱስ ያሬድን ያስታውሳል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ያሬድ ሲያዜም አፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው የጦራቸውን ጫፍ በእግሩ ላይ እንደተከሉት፣ ያሬድም ሳይሰማው ዜማውን እንደቀጠለ በትውፊት ይነገራል። ሁለቱም ታሪክ ውስጥ ዘንግ አለ፣ እግር አለ፣ ደም አለ። መቋሚያውን ይዞ ማኅሌቱን የሚመራው መሪጌታም ከኮንዳክተሩ ጋር የሥራ ዝምድና አለው፤ እኛ ወንጌላውያን ወጣቶች ይህን ቅርስ የሌላ ቤት ነገር አድርገን ብንተወው የምንጎዳው ራሳችን ነን።

ከጊዜ በኋላ አውሮፓውያን ዘንጉን ትተው ቀጭን በትር ያዙ፤ የመሪው ሥራም ዝም ያለ ሆነ። ቀኝ እጅ ምቱን ያሳያል፤ ግራ እጅ ደግሞ ማን ይግባ፣ ማን ይቀንስ፣ ማን ይጨምር የሚለውን። ትልቁ ምሥጢር ግን ከመጀመሪያው ምት በፊት ያለችው እንቅስቃሴ ናት። መሪው እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ አብሮ ይተነፍሳል፤ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ፍጥነቱም፣ ጉልበቱም፣ የዜማው ጠባይም አለ። ተጫዋቾቹ አይተው አብረው ይተነፍሳሉ፤ ከዚያ ድምፁ ይወጣል። ትንፋሹ ከተሳሳተ ቀሪው ሁሉ ይበላሻል።

በየመዘምራን ኅብረቱ «ኪቦርዱ ምት እያለው መሪ ምን ያደርግልናል?» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ከእኛም ከተማ አልጠፋም። ኪቦርዱ ምት ይጠብቃል፤ እውነት ነው። አይተነፍስም እንጂ። አልቶዎቹ እንደደከሙ አያይም፤ አንዲት ቃል ላይ ጥቂት መቆየት እንደሚያስፈልግ አያውቅም። የሞተ ወረቀትንም አያስነሣም። ፌሊክስ ሜንደልሶን እ.ኤ.አ. በ1829 በርሊን ላይ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽን የማቴዎስ ሕማማት ሲመራ የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ባኽ ከሞተ ወደ ሰማንያ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሥራው ከጥቂት ዐዋቂዎች በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚሰማው ያ ሥራ ወደ አደባባይ የተመለሰው በአንድ ወጣት መሪ እጅ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአርባ ልጆች ውል ሲያበቃ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ አንዳንዶቹ እዚሁ ቀርተው ኖሩ። ኬቮርክም ቀሩ፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከእሳቸው ይልቅ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ እጁ የከበደው ግን የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ነርሲስ በዚያችው አይንታብ የተወለዱት እልቂቱ በተጀመረበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። ቤተሰቡ ሸሽቶ ሶርያ፣ ሀለብ ገባ፤ ያደጉትም እዚያ ነው። ኢትዮጵያ የመጡት አገሪቱ በጣልያን እጅ በነበረችበት ጊዜ ነበር። ከነፃነት በኋላ ሥራቸው ከአንድ ቤት አልተወሰነም። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ መሩ፤ ለክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች አስተማሩ፣ አቀናበሩ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራ መሩ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ሰው ሁሉ «ሙሴ ናልባንዲያን» ይላቸው ነበር። ይህ ሙሴ ከኦሪት ዘፀአት የመጣ አይደለም፤ ፈረንጅን በአክብሮት ለመጥራት ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ቃል ነው። የባቡር ኩባንያውን ዘመን የሚያስታውሱ የድሬ ሽማግሌዎች ቃሉን በደንብ ያውቁታል።

እርግጥ ብቻቸውን አልነበሩም። ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪችና ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከርም በዚያው ዘመን ኦርኬስትራ በመምራትና በማሠልጠን ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ቴአትር ቤቱ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል በተከበረበት ዓመት ነው፤ የመክፈቻው ተውኔት የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩን እናንተ ከሳሙኤል መጽሐፍ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በንጉሥ ኃጢአት ታሪክ፣ በንጉሥ ፊት ተከፈተ። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚወጣው ነገር ነው፤ ልለፈው።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ኦርኬስትራ መሪ ሥራ ከበርሊን ወይም ከቪየና መሪ ሥራ በጣም ይለያል። የቪየናው መሪ ወደ ልምምድ ሲመጣ ኖታው ታትሞ ይጠብቀዋል፤ ተጫዋቾቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ኖታ ሲያነቡ ያደጉ ናቸው። እዚህ ግን ዜማው በሰው ጆሮና አፍ እንጂ በወረቀት ላይ አልነበረም። ስለዚህ መሪው መጀመሪያ ዜማውን ሰምቶ በኖታ መጻፍ አለበት፤ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻውን ማከፋፈል፤ ከዚያ ተጫዋቹን ኖታ ማንበብ ማስተማር፤ በመጨረሻ ነው በትሩን የሚያነሣው። ሕዝቡ የሚያየው የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ የቅኝት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ መሣሪያ የምትጫወቱ ደግሞ ኪቦርዳችሁን አቅርቡ። የምዕራቡ ስኬል ሰባት ድምፅ አለው፤ የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ነው የሚሄዱት። ሙሉ ትዝታን ከዶ ብትነሡ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ታገኛላችሁ። የጎደሉት ፋ እና ሲ ናቸው። የምዕራቡ ኮርድ አካሄድ ደግሞ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው ከእነዚሁ ከሁለቱ ነው፤ ሲ ወደ ዶ መውጣት ትፈልጋለች፣ ፋ ወደ ሚ መውረድ ትፈልጋለች፤ ያ መሳሳብ ነው ዜማው ወደ ቤቱ የተመለሰ የሚያስመስለው። አሁን በቀኝ እጃችሁ የትዝታ ዜማ እየተጫወታችሁ በግራ እጃችሁ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋን አንድ ላይ ተጫኑ። ዜማው ልብሱን የቀየረ ይመስላል። አልተሳሳተም፤ የእኛ መሆኑ ግን ይጠፋል።

ከውጭ የመጣ የተማረ መሪ ይህን ሲያይ ሁለት ቀላል መንገድ ነበረው። አንደኛው የእኛን ዜማ ጥሎ የራሱን ማርሽና ቫልስ ማስጠናት ነው። ሌላው ዜማችንን ወስዶ በሰባቱ ድምፅ ማልበስ ነው። የነርሲስ ትውልድ ቅንብሮች የሄዱበት ሦስተኛ መንገድ ነው። ሳክስፎኖቹ ዜማውን በአንድ ድምፅ ይይዛሉ፤ ትራምፔቶቹ ልክ እንደ አዝማችና ተቀባይ ይመልሳሉ፤ ባሱ ከታች አንድ ነገር እየደጋገመ መሬቱን ያጸናል። ሃርሞኒው ሲገባ ዜማውን ሳይሸፍን፣ ጎን ለጎን ይሄዳል። ትልቅ የምዕራብ ባንድ ሆኖ ሳለ ጥያቄና መልሱ የመንደር ጨዋታ ነው። እነዚያን የድሮ ቅጂዎች ስሰማ የሚገርመኝ የነፊዎቹ ብዛት አይደለም፤ ያ ሁሉ ነሐስ ዘፋኙን አለመዋጡ ነው።

ምቱም ሌላ ፈተና ነበር። ችክችካን በስድስት ስትቆጥሩት ሦስት ሦስት አድርጋችሁ በሁለት ማጨብጨብ ትችላላችሁ፤ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በሦስትም ትችላላችሁ። ሕዝባችን ሁለቱንም አንድ ላይ ይሰማቸዋል፤ ከበሮው በአንዱ፣ ጭብጨባው በሌላው ይሄዳል። የመሪ እጅ ግን አንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳየው። በሁለት ቢመራ ዜማው ይንሳፈፋል፤ በሦስት ቢመራ ይረግጣል። በእሑድ አምልኮ አንዱ መዝሙር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስጨበጭበው፣ በሌላው የሚያስለቅሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምርጫ ምክንያት ነው።

እነዚህ መሪዎች ያሠለጠኑት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከድሬዳዋ ጋርም ይገናኛል። የእኛው ከተማ ልጅ ዓሊ ቢራ በልጅነቱ እዚሁ በአፍራን ቀሎ ቡድን ውስጥ መዝፈን ከጀመረ በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ክብር ዘበኛ ገባ። በኦሮምኛ የሚዘፍን የድሬ ወጣት፣ ከጀርባው በአርመናዊና በፖላንዳዊ መምህራን እጅ የተቀረጸ የነፊዎች ቡድን ቆሞለት ማለት ነው። ስለ ዓሊ ቢራ ሁላችንም እናወራለን፤ ደግሞም ይገባዋል። ከዘፋኙ ጀርባ ማን ኖታ እንደጻፈ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ ልጅ ራሱ በትሩን ይዞ በትልቅ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ፊት የቆመበት ቀን ደግሞ መጣ። አሸናፊ ከበደ አዲስ አበባ በ1930 ዓ.ም. ተወለዱ። በአሜሪካ በታዋቂው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 የሀንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ መሩ፤ ከተጫወቱት መካከል የራሳቸው ድርሰት «እረኛው ባለዋሽንት» ነበረበት። ዋሽንት የእረኛ መሣሪያ ነው፤ ከብት ጥበቃ ላይ የሚነፋ። ያ ድምፅ በአውሮፓ ትልቅ ኦርኬስትራ መካከል ገባ።

ሀንጋሪዎቹ አሸናፊን «ጥቁሩ ኮዳይ» አሏቸው። ቃሉ እንዲሁ ለሙገሳ የተወረወረ አይደለም። ዞልታን ኮዳይ ሀንጋሪ ውስጥ ከገጠር ገጠር እየዞረ የገበሬውን ዘፈን የሰበሰበ፣ ከዚያም በኦርኬስትራና በመዘምራን ያሰማ ሰው ነው፤ ያረፈውም በዚያው በ1967 ነበር። የሚገርመው የሀንጋሪ ጥንታዊ የገጠር ዜማም እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ መሆኑ ነው። ስለዚህ እነዚያ ተጫዋቾች የአሸናፊን ዜማ ሲያዩ የማያውቁት ነገር አልሆነባቸውም። ኢትዮጵያዊውም የሰባቱን ድምፅ ኦርኬስትራ የራሱ ለማድረግ ራሱን መካድ አላስፈለገውም፤ አምስቱን ይዞ ገባ።

አሸናፊ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨረሱ። ከዚያ በኋላ የሕይወታቸው ክፍል በአብዛኛው ማስተማርና መጻፍ ነው፤ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥር የጻፉት መጽሐፍ በ1982 ታተመ። የጃፓንን ኮቶ ከዋሽንት መሰል መሣሪያ፣ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር ያዋሐዱበት «ኮቱሬዢያ» የተባለ ድርሰትም አላቸው። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያገለግሉ ቆይተው በ1990 ዓ.ም. እዚያው ታላሐሲ ከተማ ዐረፉ። ለአገራችን ትልቅ ኪሳራ የምለው ይህን ነው፤ ሲምፎኒ መምራት የሚችል ሰው አግኝተን፣ የሚመራው ሲምፎኒ አልነበረንም። መሪ ብቻውን ምን ይሠራል? ፒያኖ የሚጫወት ሰው በስደትም ፒያኖ ያገኛል። የመሪ መሣሪያ ግን ሰው ነው፤ ሰማንያ መቶ ሰው፣ ለዓመታት አብሮ የተለማመደ። ያ በሻንጣ አይሄድም።

ነርሲስ ግን አልሄዱም። አብዮቱ መጣ፤ አጎታቸው የደረሱት መዝሙር ከአደባባይ ወረደ፤ የክብር ዘበኛ ስም ጠፋ፤ የቴአትሩ ስም ተቀየረ። እሳቸው አዲስ አበባ እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ1977 ዐረፉ። ያስተማሯቸው ሰዎች በየኦርኬስትራው መጫወታቸውን ቀጠሉ።

የጻፏቸው ኖታዎችም አልጠፉም። ነርሲስ ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢይዘር ኦርኬስትራ የሚባል የአሜሪካ የቦስተን ከተማ ባንድ ከኢትዮጵያውያን ድምፃውያን ጋር ሆኖ ቅንብሮቻቸውን ተጫወተ። በመቀመጫቸው ፊት ያለውን ወረቀት ያነበቡት አብዛኞቹ ሙዚቀኞች ሙሴ ናልባንዲያንን በአካል አያውቋቸውም ነበር። ሳክስፎኖቹ ግን ዜማውን በአንድ ድምፅ ያዙ፤ ትራምፔቶቹም በተጻፈላቸው ቦታ ላይ መለሱ።